ሳንቲም የቀረጻቸው ጌሞች

የቪዲዮ ጌም ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር የሚነሳ የቆየ ክርክር አለ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት «የድሮ ጌም ይፈትን ነበር፤ ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ እሷን ከጨረስክ አበቃ። ያሁኑ ግን እጅህን ይዞ እያስኬደ ኪስህን ይበረብራል» ይላሉ። ልጆቹ በበኩላቸው የድሮው ጌም አንዱን ነገር እየደጋገመ ያለ ምክንያት የሚያሰቃይ ነው ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በትዝታና በምርጫ ላይ ቆሞ ይቀርና ያለ ፍርድ ይበተናል።

ነገሩን ከመዝገብ ለመመርመር ለሚፈልግ ግን ሌላ መነሻ አለ። ለማሽን ባለቤቶች የታተሙ መመሪያዎች፣ የፍርድ ቤት ክርክሮች፣ የሠሪዎቹ ቃለ ምልልሶችና የጌሞቹ ኮድ ራሱ ዛሬም ይገኛሉ። እነዚህን አስተያይቶ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል፦ ጌሙ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህል እንደሚረዝምና ምን ዓይነት ዘውግ እንደሚሆን በመወሰን በኩል ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ይህ ጽሑፍ ያንን መንገድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይከተላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነጻ ወደ ሳንቲም

በ1962 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ሁለት መንኮራኩሮች የሚታኮሱበትን «ስፔስዎር» ሠሩ። ማንም ለመጫወት አልከፈለም። ጌሙ የሚሠራበት ፒዲፒ-1 የተባለ ኮምፒውተር ብቻውን ወደ 120,000 ዶላር ያወጣ ስለነበር ጌሙን ለገበያ ማቅረብ የማይታሰብ ነበር። ጨዋታው የሚያበቃውም ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሲሸነፍ ነው፤ ተጫዋቹን ቶሎ አሰናብቶ ለሌላ ቦታ የማስለቀቅ ሐሳብ በውስጡ አልነበረም።

ከ9 ዓመት በኋላ ይኸው ጌም ሳንቲም መዋጥ ጀመረ። በ1971 ቢል ፒትስና ሂዩ ተክ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቆሙት «ጋላክሲ ጌም» ለ1 ጨዋታ 10 ሳንቲም፣ ለ3 ጨዋታ 25 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ «ኮምፒውተር ስፔስ» የተባለውን ማሽን ለገበያ አወጡ። በ1972 ደግሞ ያቋቋሙት አታሪ የተባለ ኩባንያ «ፖንግ»ን አመጣ። የመጀመሪያው ማሽን በካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተተከለ። ጥቂት ቆይቶ ተበላሸ ተብሎ ሠሪው አል አልኮርን ተጠራ። አልኮርን ደጋግሞ እንደተናገረው ማሽኑን ሲከፍተው ችግሩ ሌላ ሳይሆን የሳንቲም መያዣው ሞልቶ መፍሰሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ መንገድም ተከፍቶ ነበር። ራልፍ ቤር የፈለሰፈው የማግናቮክስ ኩባንያ «ኦዲሲ» አንዴ ተገዝቶ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ነው። ቡሽኔል በግንቦት 1972 በካሊፎርኒያ በተደረገው የኦዲሲ ትርኢት ላይ መገኘቱ ከእንግዶች መዝገብ ላይ በሰፈረው ፊርማ ታውቋል። ፊርማው በኋላ ማግናቮክስ አታሪን በከሰሰበት ክርክር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ ሁለቱ ወገኖች በ1976 በስምምነት ጨረሱ። እንግዲህ ኢንዱስትሪው ከጅምሩ በሁለት የክፍያ መንገድ ነው የተወለደው፦ አንዱ በየጨዋታው ያስከፍላል፣ ሌላው አንዴ ሸጦ ይሰናበታል።

ማሸነፍ የሌለበት ዘውግ

በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን አወጣ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በነደፈው በዚህ ጌም 55 ወራሪዎች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሲመናመኑ ፍጥነታቸው ይጨምራል። ኒሺካዶ ይህን አስቦ አልሠራውም። ማሽኑ ውስጥ የነበረው የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር 55ቱን ሁሉ እየሣለ ለማንቀሳቀስ ጊዜ ይወስድበታል፤ የሚሣሉት ሲያንሱ ሥራው ይቀልለዋል፣ ወራሪዎቹም ይፈጥናሉ። ሠሪው ነገሩን ሲያየው ወደደውና ተወው። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ የተኩስ ጌሞች ላይ እየፈጠነ የሚሄድ ጠላት የዘውጉ ባሕርይ ሆኖ ቀረ።

ጌሙ መጨረሻ የለውም። አንዱን ሰልፍ የጨረሰ ተጫዋች ሌላ ሰልፍ፣ ያውም ከበፊቱ ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ ይጠብቀዋል። መሸነፍ የተረጋገጠ ነው፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። ሳንቲም ለሚሰበስብ ማሽን ከዚህ የሚሻል አሠራር የለም።

ስለዚህ ጌም ሲነገር አብሮ የሚነሳ ወሬ አለ፦ ጃፓኖች ጌሙን ከመጫወታቸው ብዛት የተነሳ በአገሩ የ100 የን ሳንቲም ጠፍቶ መንግሥት ተጨማሪ አስቀርጾ ነበር ይባላል። ወሬው በመጻሕፍት ሳይቀር ተጽፏል፤ የሳንቲም ምርት መዝገቡ ግን አይደግፈውም። በ1978ና በ1979 የተቀረጸው የ100 የን ሳንቲም በ1977 ከተቀረጸው ያነሰ ነበር። ጌሙ ታይቶን እንዳበለጸገው ጥርጥር የለም፤ የጃፓንን ሳንቲም አሟጠጠ የሚለው ግን ተረት ነው።

ከካቢኔው ውስጥ ያሉት ማብሪያዎች

ለጌም ክብደት ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ለማሽን ባለቤቶች የተዘጋጀው መመሪያ ነው። በ1980 ቶሩ ኢዋታኒ ለናምኮ የሠራውን «ፓክማን» እንውሰድ። በካቢኔው ውስጥ፣ ከሰርኪዩት ቦርዱ ላይ፣ በጣት ጫፍ የሚገፉ ትናንሽ ማብሪያዎች ተደርድረዋል። ባለቤቱ በእነዚህ ተጫዋቹ 1፣ 2፣ 3 ወይም 5 ነፍስ እንዲኖረው ይወስናል። ተጨማሪ ነፍስ በ10,000፣ በ15,000 ወይም በ20,000 ነጥብ እንዲሰጥ፣ ካሻውም ጭራሽ እንዳይሰጥ ያደርጋል። አንድ ጨዋታ ስንት ሳንቲም እንደሚያስከፍልም እዚያው ያስተካክላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሁለት ቤት ስለተጫወቱት ፓክማን ሲያወሩ ስለ አንድ ጌም እያወሩ ላይሆን ይችላል። የትዝታ ክርክር የሚወላገድበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ተጫዋቾችም ዝም አላሉም። በፓክማን ሜዳ ላይ 240 ትናንሽና 4 ትልልቅ ነጥቦች አሉ፤ አራቱ መናፍስት ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ ተከትሎ ያሳድዳል፤ ሮዝማው ፓክማን ወደሚሄድበት ፊት ቀድሞ ለመዝጋት ይሞክራል፤ ብርቱካናማው ሲቀርብ ይሸሻል። ማሳደዳቸው በዕጣ አይደለም። አንድ ተጫዋች በአንድ ዓይነት ጊዜ አንድ ዓይነት መታጠፊያ ከያዘ መናፍስቱም ያንኑ ይደግማሉ። ይህን የደረሱበት ልጆች መንገዱን በቃላቸው ይዘው በአንድ ሳንቲም ረጅም ሰዓት መቆም ቻሉ። በጣም የበረቱት 256ኛው ደረጃ ደረሱ። እዚያ ላይ የደረጃ መቁጠሪያው ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ዝብርቅ ይሞላል፤ ደረጃውን መጨረስ አይቻልም። ጌሙ እንዲያልቅ ያደረገው የሠሪው ዕቅድ ሳይሆን የአንድ ባይት ወሰን ነው።

በአንድ ሳንቲም ሰዓታት የሚቆም ልጅ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ይህን ኪሳራ ዳግ ማክሬይና ኬቨን ከራን የተባሉ ወጣቶች ወደ ንግድ ለወጡት። ጄኔራል ኮምፒውተር በተባለው ኩባንያቸው የአታሪን «ሚሳይል ኮማንድ» የሚያከብድ ተጨማሪ ቦርድ ሠርተው ለማሽን ባለቤቶች ሸጡ። አታሪ በ1981 ከሰሳቸው፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ቀጥለው የፓክማንን ማሻሻያ ሠሩ፤ ይህም በአሜሪካ አከፋፋዩ በሚድዌይ በኩል «ሚስ ፓክማን» ተብሎ ወጣ። አዲሱ ጌም አንድ ብቻ የነበረውን ሜዳ 4 አደረገው፤ በመናፍስቱ እንቅስቃሴም ላይ ዕጣ ጨመረበት፤ የተሸመደደው መንገድ ዋጋ አጣ። ዛሬ ብዙ ተጫዋቾች ሚስ ፓክማን ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላሉ። ይበልጣል ያሰኘው ለውጥ ከማሽን ባለቤቶች የገቢ ጥያቄ የበቀለ መሆኑን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

በ1985 ኤድ ሎግ የነደፈው የአታሪ ጌምስ «ጎንትሌት» አራት ሰዎችን በአንድ ማሽን ፊት አቆመ። የተጫዋቹ ጤና በቁጥር ይታያል፤ ቁጥሩ ማንም ሳይመታው፣ ቆሞ ሳለም ጭምር፣ በጊዜ ብቻ ይቀንሳል። ሳንቲም ሲጨመር ከፍ ይላል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ማሽኖች ለመብላት መግደል ነበረባቸው፤ ጎንትሌት ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ ሒሳብ ሆነ።

የካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 2» በ1991 ሌላ መላ አመጣ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ይፋለማል፤ ያሸነፈው ይቀጥላል፣ የተሸነፈው ቦታውን ይለቃል ወይም ሌላ ሳንቲም ይጨምራል። ከረምቡላ ቤት ያዘወተረ ኢትዮጵያዊ ሕጉን ሳይነገረው ያውቀዋል፦ ተሸናፊ ይከፍላል። በዚህ አሠራር ማሽኑ ተጫዋቹን በራሱ የማጥፋት ሥራ ቀለለት፤ ያንን ሥራ ሌላው ተጫዋች ያዘለት። የድብድብ ጌም የተባለው ዘውግ በመጫወቻ ቤቶች እንዲህ የገነነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሠሪዎቹም ድካማቸውን ማሽኑን በማክበድ ላይ ከማዋል ይልቅ ገጸ ባሕርያቱን በማመጣጠን ላይ አዋሉት።

«በጌም ውስጥ ዕቃ መሸጥ የዘመኑ በሽታ ነው» ለሚሉ ደግሞ መዝገቡ የማይመች መልስ አለው። የ1990ው «ደብል ድራገን 3» በአሜሪካው ቅጂ በጌሙ ውስጥ ሱቆች ነበሩት። ተጫዋቹ ወደ ሱቁ ገብቶ አዲስ የምት ዓይነት፣ መሣሪያ ወይም ተጨማሪ ተዋጊ ይገዛል፤ የሚከፍለው ግን ከእውነተኛ ኪሱ ወደ ማሽኑ የጨመረውን ሳንቲም ነው። ተጫዋቾች አልወደዱትም፤ በጃፓኑ ቅጂም ሱቆቹ ቀሩ። ሐሳቡ ግን ስማርትፎን ከመፈጠሩ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር።

ካሴቱ ቤት ሲገባ

የቤት ጌም ገበያ በአሜሪካ በ1983 ተንኮታኮተ። በዚያ ዓመት ወደ 3.2 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ወርዷል። በአምስት ሳምንት ገደማ የተሠራው የአታሪ «ኢ.ቲ.» የውድቀቱ ምልክት ሆኖ ሲነሳ ይኖራል። ያልተሸጡት ካሴቶች በኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ከተማ ተቀበሩ የሚለውን ወሬ ለዓመታት እንደ ተረት የቆጠሩት ብዙ ነበሩ፤ በሚያዝያ 2014 በተደረገው ቁፋሮ ካሴቶቹ ወጡ። እንደ 100 የኑ ወሬ ሳይሆን ይህኛው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ከጉድጓዱ የወጣው ኢ.ቲ. ብቻ ሳይሆን ሌሎች ብዙ የአታሪ ጌሞችም ናቸው።

ገበያውን ያነሳው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ነው። ሺገሩ ሚያሞቶ የመራው የ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በጠቅላላ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለየው ቀለማቸው ነው። ጌሙ ሙሉ ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለ ነው። ያም ሆኖ ሦስት ነፍስ፣ የሚቆጠር ሰዓትና «አበቃ» የሚል ጽሑፍ አሉት። ሳንቲም መብላት ሳያስፈልገው የሳንቲም ማሽንን ጠባይ ወረሰ፤ በጌሙ ውስጥ 100 ሳንቲም የሰበሰበም አንድ ነፍስ ያገኛል።

ከዚህ ውርስ የወጡት ተጫዋቹ የደረሰበትን ማስቀመጥ የፈቀዱ ጌሞች ናቸው። በ1986 የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» በጃፓን በዲስክ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ትንሽ ባትሪ በገባበት ካሴት የተጫዋቹን ጉዞ ይይዝ ነበር። በዚያው በ1986 ዩጂ ሆሪ የነደፈው «ድራገን ክዌስት» ተጫዋቹ 20 ፊደል ያለው ምስጢራዊ ቃል በወረቀት ጽፎ በማግስቱ እንዲቀጥል አደረገ። በዚህ ጌም የሞተ ጀግና በንጉሡ ፊት ይነሳል፤ ከያዘው ወርቅ ግማሹን ያጣል፣ ያገኘው ልምድ ግን አይነካበትም። በሳንቲም ማሽን ላይ ይህ እብደት ይሆን ነበር። ዋጋው አስቀድሞ በተከፈለበት ቤት ግን ሞት ቅጣት ብቻ እንጂ ማሰናበቻ መሆን አላስፈለገውም፤ ለሳምንታት የሚዘልቀው የገጸ ባሕርይ ጌም በኮንሶል ላይ ሥር የሰደደው በዚህ መሬት ነው።

ኪራይ ደግሞ የራሱን አሻራ ጣለ። በአሜሪካ ልጆች ካሴት ከቪዲዮ ቤት ለሁለት ቀን ይከራዩ ነበር፤ በጃፓን ሕጉ የጌም ኪራይን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይፈቅድም። የአንድ ጌም ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። የኮናሚ የ1994 «ኮንትራ ሃርድ ኮር» በጃፓን ሦስት ምት ይችላል፤ በአሜሪካ በአንድ ምት ይገድላል። የ1991ዱ «ኒንጃ ጋይደን 3» በጃፓን ያለ ገደብ መቀጠልን ይፈቅዳል፤ በአሜሪካ ይገድባል። ከ«ዘ ላየን ኪንግ» ጌም ሠሪዎች አንዱ የሆነው ሉዊስ ካስልም ከዓመታት በኋላ ሲናገር፣ የጌሙ መጀመሪያ አካባቢ እንዲከብድ የተደረገው ተከራይ በቀላሉ እንዳይጨርሰው መሆኑን ገልጿል። ለሁሉም ልዩነት ኪራይን ብቻ ምክንያት ማድረግ አይገባም፤ ድርሻ እንደነበረው ግን ሊካድ አይችልም።

ሕጉን የሚፈትኑ ጌሞች

ክፍያ ሁሉን ይገልጻል ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1980 ማይክል ቶይና ግሌን ዊክማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የሠሩት «ሮግ» ሲሠራ ሳንቲም አልነካውም። በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሄድ፣ በፊደላት የተሣለ ጌም ነው። ተጫዋቹ የ«@» ምልክት ነው፤ ጭራቆቹ ከኤ እስከ ዜድ ያሉ የላቲን ፊደላት ናቸው። የሞተ ከዜሮ ይጀምራል፤ ዋሻውም በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይሠራል። ሠሪዎቹ ይህን የፈለጉት ራሳቸው የሠሩትን ጌም ሲጫወቱ ራሳቸውም እንዲደነቁ ነው። ማንም ሳይከፍል ከማንኛውም የሳንቲም ማሽን ያላነሰ ጨካኝ ጌም ተሠራ። ከእሱ የተወለደው ዘውግ በ1987 በ«ኔትሃክ»፣ በ2008 በ«ስፔላንኪ»፣ በ2020 በ«ሄዲስ» አልፎ ዛሬም በሕይወት አለ።

ሁለተኛው ምስክር ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። እሱ የመራቸው የ2009ኙ «ዲመንስ ሶልስ»፣ የ2011ዱ «ዳርክ ሶልስ»ና የ2022ቱ «ኤልደን ሪንግ» አንዴ የሚገዙ ጌሞች ናቸው፤ ክብደታቸው ማንንም አያበለጽግም፣ ተጫዋቹ ግን ይወድላቸዋል። ዘመናዊ ልጅ ፈተና አይወድም የሚለውን አባባል በታኅሣሥ 2023 የሆነው ያፈርሰዋል። አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የ1989ኙን የኒንቴንዶ «ቴትሪስ» እስከ 157ኛው ደረጃ ተጫውቶ ኮዱ እንዲቆም አደረገው። ለብዙ ዓመታት የሰው ልጅ ወሰን 29ኛው ደረጃ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጌሙ ሲወጣ ልጁ አልተወለደም።

ሳንቲሙ ተመልሶ ሲመጣ

በ2006 «ኦብሊቪየን» የተባለው ጌም ለፈረስ የሚሆን ጋሻ በ2.50 ዶላር ሲያቀርብ ተጫዋቾች ሳቁበት፤ ጋሻው ግን ተሸጠ። በ2012 የወጣው «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» ለተጫዋቹ 5 ነፍስ ሰጠው። አንዷ ስትጠፋ ሌላ ለመተካት 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ መጠበቅ ያልፈለገ ይከፍላል። የፓክማን ማብሪያ ከካቢኔው ወጥቶ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ሄደ፤ ነፍሱ ተቆጥሮ መሰጠቱ፣ ማለቁና በገንዘብ መመለሱ አልተለወጠም። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን ተጫዋቹ ይዘቱን ሳያውቅ የሚገዛቸውን የዕድል ሣጥኖች ቁማር ናቸው አለ። በታኅሣሥ 2022 የ«ፎርትናይት» ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ሳያስቡት ላስከፈላቸው ተጫዋቾች መመለሻ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማማ።

በዚሁ ዘመን ግን ኤሪክ ባሮን ብቻውን የሠራው የ2016ቱ «ስታርዱ ቫሊ» አንዴ ተሸጦ፣ ጭማሪዎቹን በነጻ እየሰጠ ይኖራል። «ዘመናዊ ጌም» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ «የድሮ ጌም» የሚባል አንድ ነገርም አልነበረም። በሁለቱም ዘመን በየደቂቃው የሚያስከፍልና አንዴ ሸጦ የሚሰናበት ጎን ለጎን ኖረዋል። ፓክማን ከካንዲ ክራሽ፣ ድራገን ክዌስት ከኤልደን ሪንግ ጋር ይነጻጸር፤ ያኔ ፍርዱ ሚዛን ይኖረዋል። ድራገን ክዌስትን ከካንዲ ክራሽ ጋር አጋጥሞ ዘመኑ ተበላሸ ማለት ግን ማስረጃ መምረጥ ነው።

ለዚህ ፍርድ የሚያስፈልገው መዝገብ እየጠፋ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ጌሙ ሲቀመጥ መመሪያውና የማብሪያው ሠንጠረዥ አብረው ካልተቀመጡ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። በአገራችን ከተሞችም ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈቱ ሰዎች በጨዋታ ነው ወይስ በሰዓት ያስከፈሉት? ተሸናፊ ነው ወይስ ሁለቱም የከፈሉት? የትኛው ጌም በየትኛው ሒሳብ ገነነ? መልሱን የሚያውቁት ባለቤቶቹና ደንበኞቻቸው ናቸው። የሚያስታውስ ሰው ዛሬውኑ ጽፎ ያስቀምጥ።